ኮሮጆ የማይገለበጥበት ምርጫ፦ ለልጆቻችን የጨዋታ ኮምፒዩተር የትኛው ግራፊክስ ካርድ ያዋጣል?

“ምርጫ” የሚለው ቃል በእኛ በስደተኞቹ ጆሮ ሲገባ የሚቀሰቅሰው ትዝታ የታወቀ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የነበረው ረጅም ሰልፍ፣ በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ውጤት፣ ከዚያም በኋላ የሆነው ሁሉ ይመጣብናል። በአርሊንግተን ኮለምቢያ ፓይክ ዳርና በስካይላይን አካባቢ ባሉት የሀበሻ ቡና ቤቶች ዛሬም ክርክሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ፖለቲካው ጋብ ሲል፣ ሌላ ዓይነት ምርጫ እየተነሳ ነው። ልጆቻችን “ጌሚንግ ፒሲ” ይፈልጋሉ፤ የዚህ ኮምፒዩተር ዋጋ ደግሞ በአመዛኙ የሚወሰነው በውስጡ በሚገባው አንድ ዕቃ፣ በግራፊክስ ካርዱ ነው።

አንዳንድ አንባቢ “አገር እየነደደች እናንተ ስለ ልጆች መጫወቻ ትጽፋላችሁ?” ሊለን ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ይህ ገንዘብ በፓርኪንግ ጋራዥ፣ በታክሲና በኡበር መሪ፣ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የተገኘ ገንዘብ ነው። ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለተፈናቀለ ወገን እርዳታ የሚላከውም ከዚሁ ኪስ ነው። 350 ዶላር በሚበቃበት ቦታ 800 ዶላር የከፈለ አባት ትርፉን 450 ዶላር የወሰደው ከእነዚህ ሰዎች ድርሻ ላይ ነው። በአንጻሩ 250 ዶላር አተርፋለሁ ብሎ የማይሠራ ዕቃ የገዛም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ቁም ነገር ይዘነዋል።

ካርዱ ምን ይሠራል?

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። በተለምዶ 1080ፒ በሚባለው ስክሪን ላይ 2 ሚሊዮን ያህል ነጠብጣቦች አሉ። 1440ፒ በሚባለው 3.7 ሚሊዮን ያህል፣ 4ኬ በሚባለው ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ጨዋታው ሳይንቀጠቀጥ እንዲሄድ ካርዱ ይህን ሁሉ ነጠብጣብ በሴኮንድ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ እየቀባ ማቅረብ አለበት። እያንዳንዱ የተሟላ ሥዕል “ፍሬም” ይባላል። ሥራው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ባለ 4ኬ ስክሪን ያለው ልጅ ባለ 1080ፒ ስክሪን ካለው ልጅ አራት እጥፍ ነጠብጣብ ያስቀባል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ብር አለን?” ሳይሆን “ስክሪናችን ምንድን ነው?” የሚለው ነው። በ1080ፒ ስክሪን ላይ ፎርትናይት፣ ሮብሎክስ፣ ማይንክራፍት ወይም የኢኤ የእግር ኳስ ጨዋታ ለሚጫወት ልጅ የሺህ ዶላር ካርድ መግዛት ለጉሊት ገበያ የጭነት መኪና እንደመከራየት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በ1,999 ዶላር ዋጋ የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ብቻውን 575 ዋት ኤሌክትሪክ ይበላል። ልጁ ቢለምንም ቢያለቅስም ይህ ለእኛ ቤት የተሠራ አይደለም።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ

ሁለተኛው ጥያቄ የካርዱ ሜሞሪ ነው። ካርዱ የሚቀባበትን ቀለምና ንድፍ ሁሉ የሚያስቀምጠው በራሱ ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪው ከሞላ ካርዱ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን ጨዋታው ይደነቃቀፋል፤ ሥዕሉም ይደበዝዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት 8 ጊጋባይት በቂ ነበር። ዛሬ ግን አዳዲስ ትላልቅ ጨዋታዎች በ1080ፒም ቢሆን ይህን መጠን እየሞሉት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ 8 ጊጋባይትን የጠየቀው እንደ ዝቅተኛ መግቢያ አድርጎ ነው።

እዚህ ላይ ነው ገዢ የሚሸወደው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ የተባለውን ካርድ ሲያወጣ በአንድ ስም ሁለት ዕቃ ነበር ያቀረበው። ባለ 8 ጊጋባይቱ 379 ዶላር፣ ባለ 16 ጊጋባይቱ 429 ዶላር ተተመነ። ተፎካካሪው ኤኤምዲም በሰኔ 2025 አርኤክስ 9060 ኤክስቲን በዚያው መንገድ አወጣው፤ ባለ 8ቱ 299፣ ባለ 16ቱ 349 ዶላር። ካርቶኑ ተመሳሳይ ነው፣ ስሙ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ በማዕዘን ላይ የተጻፈችው ቁጥር ናት። የ50 ዶላሩ ልዩነት ግን ካርዱ ሁለት ዓመት ወይም አምስት ዓመት እንዲያገለግል የሚወስን ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4080 በሚል ስም ባለ 12 እና ባለ 16 ጊጋባይት ካርዶችን አስተዋውቆ ነበር። ባለ 12ቱ በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በዋናው ቺፕም ጭምር የወረደ ሆኖ በመገኘቱ ገዢዎችና ጋዜጠኞች ተነሱበት። ኩባንያው በጥቅምት ወር፣ ካርዱ ገና ገበያ ላይ ሳይውል፣ ስያሜውን ለመሰረዝ ተገደደ። ሕዝብ ሲጮኽ የሚሰማበት አንዳንድ ቦታ አለ ማለት ነው።

ማን ይመስክር?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ዓይነት አንባቢ በተለይ የቀረበ ነው። ካርዱ ጥሩ መሆኑን የነገረን ማነው? አምራቹ ስለ ራሱ ዕቃ የሚያወጣው ሰንጠረዥ የመንግሥት ቴሌቪዥን ስለ መንግሥት እንደሚያወጣው ዜና ነው። ሁሌም ዕድገት ባለሁለት አሃዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሃርድዌር አንቦክስድ የተባለው የአውስትራሊያ የዩቲዩብ ፈታሽ ቡድን ከኤንቪዲያ ደብዳቤ ደረሰው። ሬይ ትሬሲንግ ለሚባለው የብርሃን አሠራር በቂ ትኩረት አልሰጣችሁም፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የኩባንያውን ካርድ ለፍተሻ አንልክላችሁም የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር “እኛ በፈለግነው መንገድ ካልጻፋችሁ መግለጫ አትጠሩም” ማለት ነው። ይህን ዓይነት ደብዳቤ አገር ቤት የነበሩ ጋዜጠኞች በደንብ ያውቁታል። ልዩነቱ ቡድኑ ደብዳቤውን ለሕዝብ ሲያወጣው ሌሎች ፈታሾች አብረው መቆማቸውና ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን መሻሩ ነው። በግንቦት 2025 አርቲኤክስ 5060 ሲወጣም አብዛኞቹ ፈታሾች ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር ከሽያጩ ቀን በፊት ስላላገኙ፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ነፃ ምስክርነት ሳያነቡ ነው የገዙት።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አዲስ ካርድ በወጣ ቀን አትግዙ። አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። እንደ ሃርድዌር አንቦክስድ፣ ጌመርስ ኔክሰስና ቴክፓወርአፕ ያሉ ፈታሾች በብዙ ጨዋታዎች ላይ የለኩትን አማካይ የፍሬም ቁጥር ውሰዱና ዋጋውን በእሱ አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ካርድ 300 ዶላር ሆኖ 75 ፍሬም ከሰጠ፣ ለእያንዳንዱ ፍሬም 4 ዶላር ከፍላችኋል። ሌላው 550 ዶላር ሆኖ 110 ፍሬም ከሰጠ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ነው። ሁለተኛው ፈጣን ቢሆንም የመጀመሪያው ያዋጣል። ቆጠራው ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ልጁን ራሱን አስቆጥሩት። በአደባባይ የተቆጠረ ውጤት ጭቅጭቅ ያሳጥራል።

ሳሩን አይቶ ገደሉን ማየት

በሬው ሳሩን ብቻ አይቶ ገደል እንደገባ ሁሉ፣ የካርዱን ዋጋ ብቻ አይተው የገቡ ብዙ ናቸው። ካርዱ ብቻውን አይሠራም። በኬዙ ውስጥ መግባት አለበት፤ ፓወር ሰፕላዩም ሊሸከመው ይገባል። በእኛ አካባቢ ከመሥሪያ ቤቶች የሚለቀቁ ያገለገሉ ዴስክቶፖች በርካሽ ይገኛሉ፤ ብዙ ወላጅም ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ “ካርድ ብቻ እንጨምርበት” ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፣ ኬዙም ጠባብ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ዓይነት ነው። 70 ዋት ብቻ ስለሚበላ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ያገኛል፤ አጭር ቁመት ያለውም ይገኛል። ታላላቆቹን ጨዋታዎች በሙሉ ድምቀት አያሳይም፤ ለሮብሎክስና ለፎርትናይት ግን ይበቃል።

ከዚህ ከፍ ሲል የዋቱን ቁጥር መመልከት ግድ ነው። አርቲኤክስ 5060 145 ዋት፣ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16ቱ 160 ዋት፣ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ 180 ዋት፣ የኢንቴል አርክ ቢ580 190 ዋት ይበላሉ። ለእነዚህ ሁሉ ታማኝ የሆነ ባለ 550 ወይም 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። እዚህ ላይ መቆጠብ አደገኛ ነው፤ ስም የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውን ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላልና። የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ግን አያስፈራም። 160 ዋት የሚበላ ካርድ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ብናስበው 26 ዶላር ገደማ ይሆናል።

የኢንቴሉ ካርድ ለብቻው የሚነገር ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር ሲወጣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ስለነበር በዋጋው ወደር አልነበረውም። ነገር ግን በማዘርቦርዱ ላይ ሪሳይዘብል ባር የሚባል ቅንብር እንዲኖር ይፈልጋል። ከኢንቴል 10ኛ ትውልድ ወይም ከኤኤምዲ ራይዘን 3000 ቀደም ያለ ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒዩተር ላይ ከተገጠመ አቅሙ ክፉኛ ይወርዳል። ለአዲስ ማሽን ጥሩ፣ ለአሮጌ ማሽን ወጥመድ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለውም። የመጀመሪያ መኪናችንን ያገለገለ የገዛን ሰዎች ነን። ሆኖም ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በኮቪድ ዘመን ኤተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዶችን በጅምላ እየገዙ ሌት ተቀን ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በ329 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 3060 በዚያን ወቅት በተተመነለት ዋጋ ማግኘት ዘበት ነበር። መስከረም 15 ቀን 2022 ኤተሪየም አሠራሩን ቀይሮ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን እነዚያ ካርዶች ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ፈሰሱ። ሁሉም ተበላሽተዋል አንልም፤ ማራገቢያቸው የደከመ ግን አሉ። ካርዱ ኮምፒዩተር ላይ ተገጥሞ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ጨዋታ ሲያጫውት ሳታዩ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ሳትገናኙ ገንዘብ አታውጡ።

ዕድሜውም መታየት አለበት። በዘመኑ ዝነኛ የነበረው የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ፣ 1060ም ሆነ 1080፣ ከጥቅምት 2025 በኋላ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚወጣው ሶፍትዌር ቀርቶበታል። ከላይ የጠቀስነው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በግንቦት 2025 የወጣው አዲሱ ዱም ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ የሚሠራ ካርድ ካልሆነ አይከፈቱም። ስለዚህ በ100 ዶላር የተገኘ 1080 “ዕድል” ሳይሆን ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ክብሩን ጠብቆ ይረፍ።

የት፣ መቼ?

ለአርሊንግተን ነዋሪ በአካል ሄዶ ካርድ ማየት የሚቻልበት ሰፊ ሱቅ በፌርፋክስ ናትሊ ጎዳና ላይ ያለው ማይክሮ ሴንተር ነው። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ሮክቪል ያለው ይቀርባል። በመደርደሪያው ላይ ሰው ገዝቶ የመለሳቸው፣ ካርቶናቸው የተከፈተ ካርዶችም ይገኛሉ፤ የመመለሻ ደንቡን አንብቦ እነዚህን ማየት ብልህነት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ እንዳለ አትርሱ። 349 ዶላር የተባለው ካርድ ከኪስ የሚያወጣው 370 ዶላር ያህል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የኮምፒዩተር ሜሞሪ ዋጋ ክፉኛ ንሯል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ በላውደን ካውንቲ በኩል የምናያቸው መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንጻዎች ናቸው። በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት ያለው እዚያ ነው። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚውለው ሜሞሪና ለልጃችን ካርድ የሚውለው ሜሞሪ ከነዚያው ጥቂት ፋብሪካዎች ነው የሚወጣው። በመሆኑም እዚህ የጠቀስናቸው ዋጋዎች ካርዶቹ ሲወጡ የተተመኑ ናቸው፤ በምትገዙበት ቀን የመደርደሪያውን ዋጋ ይዛችሁ ማካፈሉን እንደገና ሥሩት። የቀኑ ዋጋ ፍርዱን ሊለውጠው ይችላል።

ወደ አገር ቤት ለሚልክ

ካርድ ለወንድም ልጅ መላክ የሚፈልጉም አሉ። ምክንያቱን እንረዳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። ያኔ 20 ሺህ ብር ያህል ይሆን የነበረ የ349 ዶላር ካርድ በአንድ ክረምት 35 ሺህ ብር ገባ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ወጣት በደመወዙ የማይደፍረው ነገር ሆኗል።

የሚልክ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ሙሉ ኮምፒዩተር ከሆነ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ለብቻ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ተገጥሞ ከተጓዘ በክብደቱ መሰኪያውን ይሰብራል። የጉምሩኩን ደንብም ከመሳፈር በፊት ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በ220 ቮልት ነው የምትሠራው። አብዛኛው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ ይለያል። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ከሆነ ግን ከ115 ወደ 230 ሳይዞር ከተሰካ በአንድ ድምፅ ይጨርሳል። ሦስተኛ፣ ጨዋታዎቹንና የካርዱን ሶፍትዌር እዚሁ አውርዶ በዲስክ ይላክ። አንዱ ትልቅ ጨዋታ ከ100 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ መላ አገሪቱ ለሳምንታት፣ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ለረጅም ወራት ኢንተርኔት ተቆርጦባቸው እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ጨዋታ መምረጥ ቅንጦት እንዳልሆነ እናውቃለን።

የእኛ ድምፅ

ከሁሉም በኋላ ድምፃችንን ለማን እንስጥ? በ1080ፒ ወይም በ1440ፒ ስክሪን ለሚጫወት ልጅ፣ በተተመነለት 349 ዶላር ወይም በዚያ ገደማ ከተገኘ፣ ባለ 16 ጊጋባይቱን አርኤክስ 9060 ኤክስቲ እንመርጣለን። በጀቱ ጠበብ ላለና ማሽኑ አዲስ ለሆነ የኢንቴሉ ቢ580 አለ። 549 ዶላር የወጣባቸው አርቲኤክስ 5070ና አርኤክስ 9070 ጥሩ የ1440ፒ ስክሪን ላለውና ራሱ ሠርቶ ለሚከፍል ወጣት ናቸው። ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ በ300 ዶላር አንመክርም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ልጁ ወይም ልጅቷ ከጨዋታው ባሻገር ፕሮግራም መጻፍና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መማር ከጀመሩ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የዩቲዩብ ፕሮግራም የሚያቀናብር ሰው ካለ፣ 80 ዶላር ጨምሮ ባለ 16 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 5060 ቲአይ መውሰድ ያዋጣል። የዚህ ዘርፍ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያ የሚጻፉት ኩዳ ለተባለው የኤንቪዲያ አሠራር ነውና። አማርኛና ትግርኛን ለኮምፒዩተር ያስተማሩት እንደ ለሳን ያሉ የወገኖቻችን ሥራዎች የቆሙት በእንዲህ ዓይነት ቺፕ ላይ ነው። በየአፓርትመንቱ ምድር ቤት የሚቀናበረው የስደት ሚዲያችን ቪዲዮም እንዲሁ፤ ኦቢኤስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ቀጥታ ሥርጭት ሲተላለፍ ምስሉን የሚጨምቀው ይኸው “የጨዋታ” ካርድ ሊሆን ይችላል። ቀን አባት ስብሰባ የሚያስተላልፍበት፣ ማታ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት አንድ ዕቃ ከሆነ ወጪው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ልጆቻችንም አንድ ነገር ይማሩ። ማስታወቂያ ሳያምኑ፣ ነፃ ምስክር ፈልገው፣ ቁጥሩን ራሳቸው ቆጥረው ከወሰኑ፣ ነገ የሚጠብቃቸው ትልቁ ምርጫ አይከብዳቸውም።

ቸር ይግጠመን።